የአይማውዝ ወደብና ዓሣ አጥማጆቹ

ወደብ ማለት መርከቦችና ጀልባዎች ከባሕር ማዕበል ተጠልለው የሚያድሩበት ስፍራ ነው። ከብት ማታ የሚገባበት በረት እንደሚያስፈልገው፣ ጀልባም ወደብ ያስፈልገዋል። ነገር ግን የበረቱ በር የማይመች ከሆነ በረት መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ አውሬው ሲመጣ ከብቱ ሁሉ በሩ ላይ ይጋፋልና። የወደብም ነገር እንዲሁ ነው። በስኮትላንድ ምሥራቃዊ የባሕር ዳር ያለችውን አይማውዝ የምትባለውን ትንሽ ከተማ የሚጐበኝ ሰው ይህን ነገር በዐይኑ አይቶ ይረዳል። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስኮትላንድ በብሪታንያ ደሴት በሰሜን በኩል ያለ አገር ነው። አይማውዝም ከዋና ከተማው ከኤዲንብራ ወደ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከእንግሊዝ ወሰን አጠገብ ትገኛለች። ‹‹ማውዝ›› በቋንቋቸው አፍ ማለት ነው። አይ የሚባለው ትንሽ ወንዝ ሰሜን ባሕር ወደሚባለው ሰፊ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ ስለ ተሠራች፣ ስሟ ከዚሁ ተወሰደ። ነዋሪዎቿ ከ4,000 አይበልጡም። እንግዳ ሰው ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር በጥቂት ጊዜ ውስጥ በእግሩ ሊጨርሳት ይችላል።

ወደቡ ረጅምና ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ በድንጋይ ተገንብቷል፤ ጀልባዎቹም ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም ተቀብተው በገመድ ታስረው ይቆማሉ። ሲል የሚባል፣ ጢሙ የድመት፣ ዐይኑ የውሻ፣ አካሉ ግን እንደ ዓሣ የለዘበ የባሕር እንስሳ አለ፤ ይህ እንስሳ ወደቡ ድረስ እየገባ ራሱን ከውኃ ብቅ በማድረግ ዓሣ እንዲጣልለት ይለምናል። ልጆች ይህን ለማየት ይሰበሰባሉ። ምንም እንኳ እንስሳው ያማረ ቢሆን፣ ዓሣ አጥማጆች የሚወዱት አይመስለኝም፤ በባሕር ውስጥ የሚበላው የእነርሱን እንጀራ ነውና።

ከወደቡ ማዶ ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ገንስግሪን የሚባል ትልቅ ቤት ይታያል። ይህን ቤት በ1753 ዓ.ም. ያሠራው ጆን ኒስቤት የሚባል ነጋዴ ነበር። በዚያ ዘመን መንግሥት በሻይ ቅጠል ላይ እጅግ ከባድ ቀረጥ ይጥል ነበር። ስለዚህ ብዙ ነጋዴዎች ሻዩን ከባሕር ማዶ በሌሊት እያመጡ፣ ቀረጥ ሳይከፍሉ በስውር ያስገቡ ነበር። ኒስቤትም ከእነዚህ አንዱ ነበረ። በቤቱ ግድግዳ ውስጥም የሻይ ቅጠል የሚደበቅበት ስውር ስፍራ ተገኝቷል። በ1784 ዓ.ም. መንግሥት የሻዩን ቀረጥ ከመቶ 119 ወደ 12 ተኩል ዝቅ ባደረገ ጊዜ፣ የስውሩ የሻይ ንግድ ትርፍ አጥቶ ጠፋ። ከዚህ በኋላ የከተማይቱ ሰዎች ዋና እንጀራ ዓሣ ሆነ። እኛም ወደዚሁ እንመለስ።

አይማውዝን ለማወቅ አስቀድሞ የወደቡን በር ማወቅ ያስፈልጋል። በሰሜን ባሕር ዳር ውኃው በአንድ ልክ አይቆምም። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጐድላል። ይህም የሚሆነው ጨረቃና ፀሐይ የባሕሩን ውኃ ወደ ራሳቸው ስለሚስቡት ነው። ሙላቱና ጉድለቱ በሚበረታበት ቀን፣ የውኃው ከፍታ ልዩነት 4 ሜትር ያህል ይሆናል። በቀድሞው ዘመን የአይማውዝ ወደብ ጥልቀት ስላልነበረው፣ ውኃው ሲጐድል ጀልባዎቹ በጭቃ ላይ ይቀመጡ ነበር። ውጭ ያለ ጀልባም ውኃው ተመልሶ እስኪሞላ ድረስ መግባት አይችልም። ደግሞም ከበሩ ፊት ለፊት ሁርካር የሚባሉ ጥቋቁር ዐለቶች ከባሕር ውስጥ ወጥተው ይታያሉ። ጀልባ ነጂው በእነዚህ አጠገብ አልፎ ወደ ጠባቡ በር መግባት ነበረበት። ባሕሩ ጸጥ ባለ ቀን ይህ ቀላል ነው። ነፋስ ከሰሜንና ከምሥራቅ በሚነሣበት ቀን ግን ያው በር የሞት በር ይሆናል።

በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ዓሣ አጥማጆች ኑሯቸው እንዲህ ነበር። በበጋ ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ሄሪንግ በመንጋ የሚሄድ ትንሽ ዓሣ ስለ ሆነ፣ በሌሊት መረቡን እንደ መጋረጃ በባሕሩ ውስጥ ዘርግተው ይጠብቁታል። በማለዳ ወደ ወደቡ ሲመለሱ ሴቶች በቢላዋ ሆድ ዕቃውን ያወጡና በበርሜል ውስጥ በጨው ይደረድሩታል። በርሜሉም በመርከብ ወደ ጀርመንና ወደ ሩስያ ይላክ ነበር። በብርዱ ወራት ግን ሥራው ሌላ ነው። ሃዶክ የሚባለውን ዓሣ በመንጠቆ ያጠምዱ ነበር። አንዱ ሰው የሚያወርደው ገመድ ከ1,000 የሚበልጥ መንጠቆ ይንጠለጠልበታል። በእያንዳንዱም መንጠቆ ላይ፣ በጥቁር ቅርፊት ውስጥ የምትኖር ለስላሳ የባሕር ፍጥረት ከቅርፊቷ ወጥታ ትሰካለች፤ ዓሣው የሚታለለው በዚህ ነው።

ይህን ምግብ በመንጠቆ ላይ የሚሰካው ማን ነው? ዓሣ አጥማጁ አይደለም። ሚስቱና ልጆቹ ናቸው። ገና ሳይነጋ ተነሥተው፣ በብርድ እጃቸው እየደነዘዘ፣ ቅርፊቱን እየከፈቱ 1,000 መንጠቆ ይሞሉ ነበር። ከዚያም ገመዱ እንዳይጠላለፍ በቅርጫት ውስጥ እየጠቀለሉ ያስቀምጡታል። በስኮትላንድ የባሕር ዳር ባሉ አንዳንድ መንደሮች ደግሞ፣ ባልዋ ልብሱ ሳይርስ ወደ ጀልባው እንዲገባ ሚስት በጀርባዋ አዝላ በውኃው ውስጥ ታሻግረው ነበር። የዓሣ ሥራ የወንድ ሥራ ነው የሚል ሰው፣ ይህን ነገር አልሰማም ማለት ነው።

የእነዚህን ሰዎች ድካም የሚያከብድ አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም ዐሥራት ነው። ገበሬ ከእህሉ እንደሚከፍል፣ የአይማውዝም ዓሣ አጥማጅ ከሚያመጣው ዓሣ ከዐሥር አንዱን ለከተማይቱ ቤተ ክርስቲያን ቄስ እንዲከፍል በቀድሞ ሕግ ይገደድ ነበር። ባልንጀሮቻቸው በሌሎች ወደቦች ይህን አይከፍሉም ነበር። ስለዚህ ዊልያም ስፒርስ የሚባል ዓሣ አጥማጅ መሪ ሆኖ፣ ሰዎቹ አንከፍልም አሉ። ክርክሩ በዳኞች ፊት ብዙ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻም በ1860ዎቹ ዓመታት፣ ዓሣ አጥማጆቹ ብዙ ገንዘብ ከፍለው ራሳቸውን ከዐሥራቱ ነጻ አወጡ። የስፒርስ ሐውልት ዛሬ በከተማይቱ ገበያ ስፍራ ቆሞ ይታያል። ድሉ ድል ነው፤ ነገር ግን ለክርክርና ለነጻነት የወጣው ገንዘብ ወደቡን ለማጥለቅ ቢውል ኖሮ እያለ የሚያስብ ሰው በልቡ ማዘኑ አይቀርም። ወደቡ እንደ ጠበበ፣ በሩም እንደ ከፋ ቀረ።

አሁን ደግሞ ስለ አንድ ዕቃ እንናገር። የምንተነፍሰው አየር ክብደት ያለው ነው። ይህን ክብደት የምንለካበትን ዕቃ በ1643 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር ቶሪቼሊ የተባለ ሊቅ አገኘው፤ ስሙም ባሮሜትር ነው። ከላይ የተደፈነ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር የሚሆን የመስተዋት ቧንቧ ባዜቃ ተሞልቶ፣ አፉ ወደ ታች ሆኖ ባዜቃ ባለበት ጽዋ ውስጥ ይተከላል። የውጩ አየር በጽዋው ያለውን ባዜቃ ስለሚጫነው፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው ባዜቃ 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። አየሩ ሲቀል ግን ባዜቃው ዝቅ ይላል። አየር በቀለለበት ስፍራ፣ ከባዱ አየር ከሌላ ስፍራ እየሮጠ ይመጣል፤ የሚሮጥ አየር ማለት ነፋስ ነው። እንግዲህ ባዜቃው እጅግ የወረደ እንደ ሆነ፣ ዐውሎ ነፋስ ሊመጣ መሆኑን ይናገራል።

ሮበርት ፊትዝሮይ የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር አለቃ፣ ይህ ዕቃ በባለጠጎች ቤት ብቻ መሰቀሉን አልወደደም። ይህ ሰው ዳርዊን የተባለውን ሊቅ በመርከቡ ይዞ ዓለምን የዞረ ነው። በ1854 ዓ.ም. የአየሩን ጠባይ የሚመረምር የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለቃ ሆነ። ከዚያም ድኾች ዓሣ አጥማጆች በሚኖሩባቸው ወደቦች ሁሉ ሊያዩት እንዲችሉ ባሮሜትር እንዲተከል አደረገ። በ1861 ዓ.ም. ደግሞ የዐውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ በቴሌግራፍ ወደ ወደቦች መላክ ጀመረ። ብዙዎች አፌዙበት፤ እርሱ ግን የሰውን ሕይወት ያዳነ ሰው ነው። አይማውዝም ባሮሜትር ነበራት። ዓሣ አጥማጆቹ በማለዳ ወደ ባሕር ሳይወርዱ ያንን የመስተዋት ቧንቧ እየተመለከቱ ይመካከሩ ነበር።

ኦክቶበር 14 ቀን 1881 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። በዚያ ሳምንት ባሕሩ ስለ ታወከ ጀልባዎቹ ሳይወጡ ሰንብተዋል። በዚያ ጧት ግን ሰማዩ ጠራ፣ ባሕሩም ጸጥ አለ። ባሮሜትሩን ባዩት ጊዜ ባዜቃው እጅግ ዝቅ ብሎ ነበር። ሰማዩ ውጡ ይላል፤ ባሮሜትሩ ግን አትውጡ ይላል። ሰዎቹም ወጡ።

ወደ ቀትር ገደማ፣ ጀልባዎቹ ገመዳቸውን ባሕር ውስጥ ዘርግተው ሳሉ፣ ሰማዩ በድንገት ጠቈረ። ወዲያው ዐውሎ ነፋሱ መጣ። ባሕሩም ከመሠረቱ የተነቀለ ይመስል ተናወጠ።

በዚህ ጊዜ ከአእምሮ ጋር የሚጣላ ነገር ሆነ። ወደ ቤት ለመግባት የተጣደፉት ብዙዎቹ ጠፉ፤ ወደ ባሕሩ መካከል ከራቁት ግን አንዳንዶቹ ዳኑ። ምክንያቱ ይህ ነው። ማዕበል በጥልቅ ባሕር ላይ ሲሆን እንደ ኮረብታ ከፍና ዝቅ እያለ ያልፋል፤ ጀልባውንም ያነሣዋል፣ ያወርደዋልም። ጥልቀት ወደሌለው ወደ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ግን፣ የማዕበሉን ታች የባሕሩ ወለል ይይዘዋል፤ ላዩ ግን መሮጡን አይተውም። ስለዚህ እየቆመ፣ እየረዘመ ይሄድና በመጨረሻ በራሱ ይደፋል። በሥሩ የተገኘውንም ሁሉ ይሰብራል። እንዲህ ያለው የሚደፋ ማዕበል የሚበረታው በወደቡ በር፣ በሁርካር ዐለቶች አጠገብ ነው። ሚስቶች፣ እናቶችና ልጆች በወደቡ ግንብ ላይ ቆመው ነበር። ጀልባው የማን እንደ ሆነ በሸራው ለይተው ያውቁታል። አንዳንዱ ጀልባ እነርሱ እያዩት፣ ድምፅ በሚሰማበት ቅርበት ተሰበረ፤ የሚረዳውም አልተገኘም።

በዚያ ቀን 189 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ 129ኙ የአይማውዝ ሰዎች ነበሩ። ከጐረቤቷ ከበርንማውዝ መንደር 24፣ ከኒውሄቨን 15፣ ከኮቭ 11፣ ከፊሸሮው 7፣ ከሴንት አብስ ደግሞ 3 ሰዎች ጠፉ። አባትና ልጅ፣ ወንድምና ወንድም በአንድ ጀልባ ይሠሩ ስለ ነበር፣ ከአንድ ቤት ብዙ ሰው በአንድ ሰዓት ያለቀበት ነበር። ኤርየል ጋዜል የምትባል ጀልባ ግን በጥልቁ ባሕር ላይ ከማዕበሉ ጋር ስትታገል ቈይታ፣ ሰዎቹ ሁሉ ሞተዋል ተብሎ ከተለቀሰ በኋላ፣ እሑድ ቀን ወደ ወደቡ ገባች።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው፣ ‹‹ባሮሜትሩ ነግሯቸው ሳለ ስለ ምን ወጡ?›› ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሞኞች ነበሩ፣ ወይም ሆዳሞች ነበሩ ብሎ ለመፍረድ የሚቸኩል ይኖራል። እኔ ግን እንዲህ ለማለት አልደፍርም። እስቲ ነገሩን ከእነርሱ ቤት ሆነን እንመልከተው። ሰዎቹ ሳይሠሩ ሰንብተዋል፤ በዓሣ ለሚኖር ሰው ደግሞ ጀልባው ያልወጣበት ቀን ገንዘብ የማይገባበት ቀን ነው። ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው በየመንጠቆው የሰኩት ምግብ በቅርጫት ውስጥ ሊበላሽ ነው። የጀልባው ዕዳም አለ። ባሮሜትሩ ዐውሎ ነፋስ እንደሚመጣ ይናገራል እንጂ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ አይናገርም። ደግሞም አንዱ ጀልባ ከወጣ ሌሎቹ መቅረትን እንደ ፈሪነት የሚቈጥሩበት ልማድ ነበራቸው። በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉ ይልቅ የሚወቀሰው ይህ ልማድና የወደቡ በር ነው። የራበው ሰው ሥራ መውጣቱ ግን ሊያስነቅፈው አይገባም። ባሮሜትሩ እውነቱን ተናግሯል፤ ነገር ግን በቤት የሚበላ ባይኖር፣ እውነትን ማወቅ ብቻውን ሰውን ከቤቱ አያስቀምጠውም።

የዚህ መከራ ወሬ በጋዜጣ በተሰማ ጊዜ፣ ከየስፍራው ገንዘብ ተዋጣ፤ ከ50,000 ፓውንድ በላይም ተሰበሰበ። ገንዘቡ ለባል አልባዎቹና አባት ለሌላቸው ልጆች መተዳደሪያ ሆነ። ከመከራው አስቀድሞ፣ ጀልባ በማንኛውም ሰዓት የሚገባበት ጥልቅ ወደብ ለመሥራት ታስቦ ነበር። ከመከራው በኋላ ግን ከተማይቱ ብዙ ሰውና ብዙ ጀልባ ስላጣች፣ ለሥራው የሚሆነውን ብድር የሚከፍል አልተገኘምና ሐሳቡ ቀረ። ወደቡ የተሻሻለው እጅግ ዘግይቶ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት ውስጥ ነው። ገንዘብ ጠፋ ተብሎ የቀረው ሥራ ከሁሉ የበለጠ አስፈላጊ የሆነበት ጊዜ ያ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በብዙ አገር ይገኛል።

ዛሬ አይማውዝ ሰላም ያለባት ከተማ ናት። ሄሪንግ እንደ ድሮው በመንጋ አይመጣም። ጀልባዎቹ ሞተር አላቸው፤ የሚያመጡትም ይበልጡን ሸርጣንና ሎብስተር የሚባለውን ባለ ትልቅ ጥፍር የባሕር ፍጥረት ነው። የነፋሱንም ነገር ከመስተዋት ቧንቧ ሳይሆን በራዲዮ ይሰማሉ። ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ በበጋ ወራት አንዲት የትምህርት ቤት ልጅ ‹‹የሄሪንግ ንግሥት›› ትባላለች። ከሴንት አብስ መንደር ተነሥታ በጀልባ ወደ አይማውዝ ትገባለች፤ ሌሎች ጀልባዎችም አጊጠው ያጅቧታል። ከጥፋቱ ቀን 100 ዓመት በሞላ ጊዜ፣ በ1981 ዓ.ም.፣ የከተማይቱ ሴቶች የዚያን ቀን ነገር የሚያሳይ ትልቅ ጥልፍ በእጃቸው ሠሩ። በአሮጌው መቃብር ስፍራም የተሰበረ የጀልባ ምሰሶ የሚመስል የድንጋይ ሐውልት አለ።

ጐብኚው ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያቆመው ነገር ግን በባሕሩ ዳር ይገኛል። ጂል ዋትሰን የምትባል ቀራፂ የሠራችው የነሐስ ሥራ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ተተከለ። ዓሣ አጥማጆቹ በዚህ ሥራ ላይ አይታዩም፤ የሚታዩት በአይማውዝ የቀሩት ሚስቶችና ልጆች ናቸው። ትንንሽ ሆነው ተቀርፀዋል፤ ፊታቸውን ለማየት ጐንበስ ማለት ያስፈልጋል። አንዲቱ ልጅዋን ታቅፋለች፣ ሌላይቱ የባልንጀራዋን እጅ ይዛለች። ነፋሱ ልብሳቸውን ይነፋዋል፤ ሁሉም ወደ ባሕሩ ይመለከታሉ። ከዚያ ስፍራ ሆኖ ዐይኑን ቀና ያደረገ ሰው፣ ውኃው ጐድሎ እንደ ሆነ፣ የሁርካርን ዐለቶች በቅርብ ያያቸዋል።